ደብል ጋቢና ወይስ ጋቢና ተኩል? ጥያቄው "ከኋላ የሚቀመጠው ማነው?" ነው

ጠዋት ከመካኒሳ ወደ ጀሞ የሚወስደውን መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ ያልፋል። ከፊት ሾፌሩና አሠሪው ተቀምጠዋል። የኋላው ወንበር የፋብሪካ ላስቲኩ ሳይነሳለት ባዶውን ይሄዳል። ካሶኒው ላይ ግን አምስት ስድስት የቀን ሠራተኞች አካፋና ባልዲያቸውን ይዘው፣ ስፖንዳውን ጨብጠው፣ አቧራና ብርድ እየጠጡ ይጓዛሉ።

ምክንያቱን የጠየቀ መልሱን ወዲያው ያገኛል፦ "ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ነው።"

ይህ መልስ ስለ ፒካፕ ምርጫ የሚደረገውን ክርክር ሁሉ ይበልጣል። በየሻይ ቤቱና በየደላላው ዘንድ ሰው የሚከራከረው ስለ ሞተር፣ ስለ ሞዴል፣ ስለ ታርጋና ስለ ዋጋ ነው። "ደብል ይሻላል ወይስ ኤክስትራ ካብ?" ሲባልም የሚቆጠረው የመሸጫ ዋጋና የሰው ዓይን ነው። የሚረሳው ቀላሉ ጥያቄ ነው፤ ከፊት ወንበር ጀርባ ያለው ቦታ ለማን ነው? ለሰው ወይስ ለዕቃ? ይህን ቀድሞ የመለሰ ገዢ አይሳሳትም። ሳይመልስ የገዛ ግን ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

◆ ሦስቱ ጋቢናዎች

ፒካፕ በሦስት ዓይነት ጋቢና ይሠራል። ነጠላው (ሲንግል) የፊት ወንበር ብቻ አለው። ደብሉ አራት በርና ሙሉ የኋላ ወንበር አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ኤክስትራ ካብ ሲሆን በአማርኛ "ጋቢና ተኩል" ቢባል ይገልጸዋል። ከፊት ወንበር ጀርባ ትንሽ ቦታ አለው፤ አንዳንዱ እዚያ ላይ የሚታጠፍ ትንሽ መቀመጫ ይገጠምለታል። በአንዳንድ ሞዴል ለኋላው ቦታ በር ጭራሽ የለውም። በሌላው ደግሞ የፊቱ በር ካልተከፈተ የማይከፈት፣ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ትንሽ በር አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታየው ደብሉ ነው፤ ነጠላውም አይጠፋም። ጋቢና ተኩሉ ብርቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ገዢ ሳያውቀው ያልፈዋል፣ ያገኘውም ሰው "ደብሉን በርካሽ አገኘሁ" ብሎ ይገዛዋል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የቶዮታ ሃይሉክስ ትውልድ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በአጠቃላይ ርዝመቱ ሦስቱም ዓይነት 5 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው መኪናውን አላስረዘመም፤ ለጋቢናው የጨመረውን ከካሶኒው ነው የቀነሰው። የነጠላው ካሶኒ 2.3 ሜትር ገደማ፣ የጋቢና ተኩሉ 1.8 ሜትር ገደማ፣ የደብሉ 1.5 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

በደብልና በጋቢና ተኩል መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያለፈ ነው። ብዙ ሰው "ለጭነት ኤክስትራ ካብ ይሻላል" ሲል ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ልዩነት ያለ ይመስለዋል። ሁለት ሜትር የሚረዝም ቆርቆሮ ግን የኋላው ስፖንዳ ተዘግቶ ሁለቱም ላይ አይተኛም። ስድስት ሜትር የሆነ ቱቦላሬም ሦስቱም ላይ ፖርቶ መጋላ ካልተሠራለት አይጫንም።

ክብደቱም ቢሆን እንደሚታሰበው አይደለም። የዚህ ዓይነት ፒካፕ የሚሸከመው እንደ ሞዴሉ አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም አሥር ኩንታል አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ የሚቀነስ ደግሞ አለ፤ ሰው ራሱ ጭነት ነው። አማካይ ክብደታቸው 70 ኪሎ የሆነ አምስት ሰዎች ደብሉ ውስጥ ሲገቡ 350 ኪሎ፣ ሦስት ኩንታል ተኩል ሄደ ማለት ነው። ለሲሚንቶ የቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። "አሥር ኩንታል ይችላል" ተብሎ የተገዛ መኪና በሰው ሞልቶ አሥር ኩንታል ሲጫንበት የሚጮኸው ባሌስትራው፣ የሚያልቀው ፍሬኑ ነው።

የጭነቱ አቀማመጥም ይለያያል። የደብሉ ካሶኒ አጭርና ወደ ኋላ የተገፋ ስለሆነ የጭነቱ መሐል ወደ ኋላ ጎማ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ያርፋል። ጭነቱ ሲበዛ የፊቱ ይቀልላል፤ ዳገት ላይ መሪው "ተንሳፈፈ" የሚባለው ያን ጊዜ ነው። የጋቢና ተኩሉ ጭነት ትንሽ ወደ ፊት ይጠጋል። አንድ ስንዝር የምትጠቅመው ከርዝመቱ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

◆ ተኩሉ የማን ነው?

የጋቢና ተኩሉ ትልቁ ጥቅም ካሶኒው አይደለም። ከወንበሩ ጀርባ ያለው፣ የሚቆለፈው፣ ዝናብና አቧራ የማይደርስበት ቦታ ነው።

ይህ ለአዲስ አበባ ባለሙያ ቀላል ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ድሪሉን፣ ገመዱንና መለኪያውን፣ የቧንቧ ሠራተኛው የመበየጃ ማሽኑን፣ የአሉሚኒየም ሠራተኛው የመቁረጫ ዲስኩን ካሶኒ ላይ ትቶ ምሳ መብላት አይችልም። ሸራ ሌባ አያቆምም። ነጠላ ጋቢና የገዛ ባለሙያ መሣሪያውን እግሩ ሥር ወይም ረዳቱ ጭን ላይ ያደርጋል። ደብል የገዛው የኋላ ወንበሩን ያጨማልቃል። ጋቢና ተኩል ለእንዲህ ያለ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሁለት ሰው ከፊት፣ መሣሪያ ከኋላ፣ ጭነት ካሶኒ ላይ።

ፋብሪካዎቹም ወደዚሁ ሐሳብ እየመጡ ነው። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ በሚያቀርበው በ2024ቱ ታኮማ ጋቢና ተኩል ላይ የኋላ መቀመጫውን ጨርሶ አውጥቶ ቦታውን የዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል። ፎርድ ደግሞ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ገበያ ያወጣውን ሬንጀር በደብል ጋቢና ብቻ ሠራው። ሁለት ፋብሪካ በተለያየ መንገድ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰው ከኋላ ከተቀመጠ ሙሉ ወንበር ይገባዋል፣ ካልተቀመጠ ደግሞ የይስሙላ ወንበር አያስፈልግም።

የይስሙላ ወንበር አደገኛ የሚሆነው ቦታ ያለ ስለሚመስል ነው። ከመካኒሳ ሳር ቤት ድረስ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ የሚሄድ ወጣት "ይቻላል" ይላል። ዓለም ገና አልፎ ቡታጅራ ድረስ ግን አይቻልም። ለእናትየው፣ ለሕፃኑ፣ ወገቡን ለሚያመው ሽማግሌ ደግሞ ሳር ቤትም ሩቅ ነው። ከሁሉ የከፋው አደጋ ሲደርስ ነው። የኋላው ትንሽ በር የፊቱ በር ካልተከፈተ የማይከፈት ከሆነ፣ በሩም ጭራሽ ከሌለ፣ ከኋላ ያለው ሰው የሚወጣው ከፊት ያለው ሰው መውጣት ከቻለ ብቻ ነው።

◆ ታይላንድ የደረሰባት

ይህ ጥያቄ በአንድ አገር ላይ የመንግሥት ራስ ምታት ሆኖ ያውቃል። ሃይሉክስን ጨምሮ ብዙ ፒካፕ የሚመረትባት ታይላንድ ከነጠላና ከጋቢና ተኩል ይልቅ በደብል ጋቢና ላይ ከፍ ያለ ኤክሳይስ ታክስ ትጥላለች። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ነጠላና ተኩል የሥራ መኪና፣ ደብል የሰው መኪና ተብሎ ተወሰደ። ውጤቱ ደግሞ የሚጠበቅ ነበር። ደብል መግዛት ያልቻለው የገጠር ቤተሰብ ርካሹን ጋቢና ተኩል ገዛና ልጆቹን ከወንበሩ ጀርባ፣ የቀሩትን ዘመዶች ካሶኒው ላይ ጫነ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የጠቅላይ ሚኒስትር ፕራዩት ቻን-ኦቻ መንግሥት የዘመን መለወጫው የሶንግክራን በዓል ሲቃረብ በካሶኒም ሆነ በጋቢና ተኩል ጀርባ ሰው እንዳይጫን አጥብቆ አስፈጽማለሁ አለ። በዓሉ በየዓመቱ በመንገድ ላይ ብዙ ሰው የሚሞትበት ነው። ሕዝቡ ግን ጮኸ። "ይህን መኪና የገዛነው እናንተ ርካሽ ስላደረጋችሁት ነው፤ አሁን ቤተሰባችንን በምን እናጓጉዝ?" የሚል ነበር የቁጣው ፍሬ ነገር። መንግሥትም አፈጻጸሙን አላላ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። መኪናን በጋቢናው ለይቶ ታክስ መጣል ገዢውን ይገፋዋል። የተገፋው ገዢ ግን ሰው የመጫን ፍላጎቱን ቤቱ ትቶት አይመጣም። እንግሊዝም በሌላ በኩል ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሳለች። የግብር መሥሪያ ቤቷ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ድርጅቶች ለሠራተኛ የሚሰጡትን ደብል ጋቢና ለጥቅማ ጥቅም ግብር ሲባል እንደ ጭነት መኪና ሳይሆን እንደ ቤት መኪና መቁጠር ጀምሯል። ደብል ጋቢና የሰው መኪና ነው፤ ካሶኒው ተጨማሪ ነው።

◆ አዲስ አበባ ለምን ደብል ትወዳለች?

የመጀመሪያው ምክንያት ሹመት ነው። ለብዙ ዓመታት በየወረዳው፣ በየፕሮጀክቱና በየእርዳታ ድርጅቱ ደብል ጋቢና የኃላፊ መኪና ሆኖ ታይቷል። ደብል ይዞ የሚመጣ ሰው "የመጣ ሰው" ነው፤ ዘበኛው በሩን ቀድሞ ይከፍትለታል። ነጠላ ጋቢና ይዞ የመጣውን "ምን ይዘህ ነው?" ብሎ ያቆመዋል። ነጋዴውና ተቋራጩም ይህን ዓይን አብረው ይገዛሉ። ይህ እውነተኛ ዋጋ አለው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ጨረታ ቦታ ላይ በምን እንደመጡ ይታያል።

ሁለተኛው የመሸጫ ዋጋ ነው። "ጋሼ፣ ደብሉ ነው የሚያዋጣዎት፤ ነገ ቢሸጡት በማግስቱ ይወሰዳል" ይላል ደላላው። ይህም ውሸት አይደለም። በተለይ ካለፉት ሁለት ክስተቶች ወዲህ መኪና ማለት ገንዘብ ማስቀመጫ ሆኗል። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ በነዳጅ የሚሠራ ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ብር ከሚያስቀምጥ ይልቅ መኪናውን ማቆየት መረጠ። ደብል ጋቢና ደግሞ በፍጥነት የሚሸጥ ስለሆነ እንደ ወርቅ ታየ።

ግን ቀሪ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። ለደብሉ ተጨማሪ የተከፈለው ገንዘብ ሲሸጥ ይመለሳል ቢባል እንኳ፣ እስኪሸጥ ድረስ ታስሮ ይቀመጣል። ያ ገንዘብ ለአንድ የአሉሚኒየም ሠራተኛ ማሽን፣ ለአንድ አትክልት ነጋዴ የሁለት ሳምንት መዘዋወሪያ ነው። መኪናን በመሸጫው ቀን ዋጋ ብቻ የሚመርጥ ሰው በሬን በቆዳው የሚገዛ ገበሬ ይመስላል። ቆዳው ዋጋ አለው፤ የሚታረሰው ግን በበሬው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ቤተሰብ ነው፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ ክብር ይገባዋል። ብዙ ሰው ሁለት መኪና መግዛት አይችልም። ሰኞ ሲሚንቶ የሚጭነው መኪና እሑድ መካኒሳ አቦ ቤተሰቡን ማድረስ፣ ለበዓል አገር ቤት መግባት አለበት። ለዚህ ሰው ደብል ጋቢና ቅንጦት አይደለም። ካሶኒው በአንድ ስንዝር ቢያጥርበት ልጆቹ ቀበቶ አስረው መቀመጣቸው ይበልጣል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትልቅ ጭነት ሲገጥመው አንድ አይሱዙ ተከራይቶ ይገላገላል።

◆ ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ሠራተኛ የሚያጓጉዝ ተቋራጭ ደብል ይግዛ። ገዝቶም ወንበሩን ለሠራተኛው ይክፈት። ለዕቃ በተሠራ ካሶኒ ላይ ሰው መጫን ሕግም ይከለክለዋል። ከሕጉ በፊት ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍሬን በድንገት ሲያዝ መኪናው ይቆማል፣ ካሶኒው ላይ ያለው ሰው አይቆምም። ቀበቶ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ የሚይዘው አካፋውንና የጓደኛውን ትከሻ ነው። የወንበር ጨርቅ በሳሙና ይታጠባል። ሠራተኞቹ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ከሆኑ ደግሞ መፍትሔው ሁለት ምልልስ ወይም የታክሲ ሒሳብ ነው፤ ይህም የሥራው ወጪ ውስጥ ገብቶ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት።

ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠራ ባለሙያ፣ የኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ፣ የአሉሚኒየምም ሆነ የጥገና ሠራተኛ፣ ጋቢና ተኩል ካገኘ አይለፈው። ካገኘው በኋላ ታጣፊውን መቀመጫ አውልቆ በቦታው የብረት መደርደሪያ ቢያሠራበት ሁለት ነገር ያተርፋል። መሣሪያው ይቆለፋል። "እዚያ ጋ ልጠጋጋ" የሚል ዘመድም አይኖርም።

አትክልት ነጋዴው የተለየ ነው። የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም በ2013 ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ ለመካኒሳ ቸርቻሪ ገበያው ደጁ ላይ ነው። ከኃይሌ ጋርመንት የቲማቲም ሳጥንና የሽንኩርት ከረጢት ለሚያመላልስ ሰው የሚያዋጣው ረጅሙ ካሶኒ፣ ማለትም ነጠላ ጋቢና ነው። ቲማቲም ሲደራረብ ይጨፈለቃል፤ ዝርግ ወለል ይፈልጋል። ለእሱ ደብል ጋቢና መግዛት ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ወለል ከፍሎ ባዶ ወንበር ማመላለስ ነው።

መሥሪያ ቤቶችም ይህን ጥያቄ ሊያመልጡት አይገባም። አንድ ባለሙያና አንድ ሾፌር ለሚወጡበት የመስክ ሥራ፣ ለቆጣሪ ንባብ፣ ለመስመር ጥገና፣ ለክትባት ቁሳቁስ ማድረሻ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ በልማድ "ደብል ጋቢና" ብሎ መጻፍ በሕዝብ ገንዘብ ባዶ ወንበር መግዛት ነው። ለሰነዱ ዝግጅት አንድ መስመር ቢጨመር በቂ ነው፦ በአማካይ ስንት ሰው ይሄዳል? ምን ይጭናል? ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለ ደብል፣ ከሌለ ሌላ።

የኤሌክትሪኩ ዘመን ይህን ክርክር እንዳይዘጋውም ያሰጋል። ጂሊ በሬዳር ስም የሚያወጣው አርዲ6ን የመሰሉ የቻይና የኤሌክትሪክ ፒካፖች የሚሠሩት በደብል ጋቢና ነው። ሌላ ምርጫ የሚጠይቅ ከሌለ ቀጣዩ ትውልድ ባለሙያም የሚገዛው ለኃላፊ የተሰፋ መኪና ይሆናል። በጅምላ የሚገዙ ድርጅቶችና አስመጪዎች አሁን ካልጠየቁ በኋላ የሚመጣው የተላከው ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው የመኪናው ባለቤት ኅሊና ነው። ጋቢናውን የሚመርጠው ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጠው ሰው ነው፤ የምርጫውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ከኋላ ያለው ነው። ባዶ ወንበር እያለ ሰው ካሶኒ ላይ የሚጭን፣ ለመሣሪያ በተሠራ ቦታ ሕፃን የሚያጥፍ፣ ሁለቱም የገዙትን መኪና አላወቁትም። ቀብድ ከመቆጠሩ በፊት ገዢው ከፊት ወንበር ይውረድና ከኋላ ለአሥር ደቂቃ ተቀምጦ መኪናው ይነዳለት። እዚያ ምቾት ካገኘ ሠራተኛውንም ቤተሰቡንም እዚያው ያስቀምጥ። ካላገኘ ደግሞ ያ ቦታ የድሪል ነው፤ ለድሪል ይተውለት።